የትንሽ ውሻ የጉልበት ጅማት ጉዳት፦ በአነስተኛ ወጪ እንዴት ማስታመም ይቻላል?

ትናንት ግቢ ውስጥ ሲሯሯጥ የዋለው ትንሹ ውሻዎ ዛሬ አንድ የኋላ እግሩን አንጠልጥሎ በሦስት እግሩ ይራመዳል። የተሰበረ ነገር አይታይበትም፤ ነገር ግን እግሩን መሬት ላይ ማሳረፍ ይፈራል። አንዱ ጎረቤት «ለወጌሻ አሳዩት» ይላል። ሌላው ቤት ውስጥ ያለ የሰው ማስታገሻ እንዲሰጡት ይመክራል። ሌላው ደግሞ «ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት አይድንም» ብሎ ያስፈራራል። ቤተሰቡም ስለ ውሻው ብቻ ሳይሆን ስለ ገንዘቡም ይጨነቃል።

ይህ ጽሑፍ በሐዋሳም ሆነ በሌሎች ከተሞች ትንሽ ውሻ ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው። ዋናው መልእክት ይህ ነው፦ ክብደቱ ከ15 ኪሎ ግራም በታች ለሆነ ውሻ ዕረፍት፣ የክብደት ቁጥጥርና ትክክለኛ ማስታገሻ ብዙ ጊዜ በቂ የመጀመሪያ ሕክምና ናቸው። ከገንዘብ ይልቅ የሚጠይቁት ትዕግሥት ነው።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

ጉልበት ውስጥ የጭን አጥንትንና የቅልጥም አጥንትን አያይዘው የሚይዙ ጅማቶች አሉ። ከእነዚህ አንዱ የፊተኛው የመስቀል ጅማት ይባላል። የእግር ኳስ ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ የሚጎዱት ይህንኑ ጅማት ነው። ሥራው የቅልጥም አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተት መያዝ ነው። ሲበጠስ ውሻው በቆመ ቁጥር አጥንቱ ይንሸራተታል፤ መገጣጠሚያውም ያብጣል፣ ያማል። አንዳንድ ጊዜ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ክፍል (ሚኒስከስ) አብሮ ይጎዳል።

በሰው ላይ ጅማቱ የሚበጠሰው አብዛኛውን ጊዜ በድንገተኛ መጠማዘዝ ነው። በውሻ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ለወራት ቀስ በቀስ እየሳሳ ቆይቶ በትንሽ ዝላይ ይበጠሳል። ስለዚህ «ልጁ ስላጫወተው ነው» ብሎ ማንንም መውቀስ አያስፈልግም። የሳሳው የአንዱ እግር ጅማት ብቻ ላይሆን ስለሚችል ግን ጤነኛውን ጉልበትም መጠበቅ ያስፈልጋል። አንድ ጉልበታቸው ከተጎዳ ውሾች ውስጥ ብዙዎቹ ውሎ አድሮ ሁለተኛውንም ይጎዳሉ።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

• በድንገት የኋላ እግርን ማንሳት ወይም ማነከስ
• ሲቀመጥ የታመመውን እግር ወደ ጎን ዘርግቶ መቀመጥ
• ከዕረፍት በኋላ ሲነሣ መቸገር
• የጉልበት ማበጥ
• በቆይታ የጭን ጡንቻ መክሳት

ትናንሽ ውሾች ላይ ተመሳሳይ ማነከስ የሚያመጣ ሌላ ችግርም አለ። ይኸውም ከጉልበት ፊት ያለችው ትንሽ አጥንት ከቦታዋ መውለቅ ነው። እንዲህ ያለው ውሻ ጥቂት እርምጃ እግሩን ያነሣና ወዲያው መልሶ በደህና ይሄዳል። የእግር መዳፍ ላይ የገባ እሾህም ሊያስነክስ ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ መዳፉንና በጣቶቹ መካከል ያለውን ቦታ ይመልከቱ።

ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል?

እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ያለ ቀዶ ሕክምና የታከሙ ውሾችን ተከታትሎ ነበር። ከ15 ኪሎ በታች ከሆኑት ውስጥ 85 በመቶ ያህሉ ተሽሏቸዋል ወይም ደህና ሆነዋል። ከዚያ በላይ ከሚመዝኑት ግን ለውጥ ያሳዩት 19 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ስለ ትልቅ ውሻ የሚነገረው ሁሉ ለትንሽ ውሻ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

እውነታውን ግን መደበቅ አይገባም። የተበጠሰው ጅማት መልሶ አይገጥምም። ጉልበቱን የሚያጸናው በመገጣጠሚያው ዙሪያ ቀስ በቀስ የሚጠነክረው ጠባሳ ነው። መገጣጠሚያው ውሎ አድሮ የቁርጥማት ሕመም ሊይዘው ይችላል። ቀዶ ሕክምና ጉልበቱን በተሻለ ሁኔታ ያጸናል፤ አቅም ካለና ባለሙያው ከተገኘ ጥሩ አማራጭ ነው።

ያለዎትን ገንዘብ በምን ላይ ያውሉት?

1. አንድ ጥሩ ምርመራ። የእንስሳት ሐኪም ጉልበቱን በእጁ በመፈተሽ ብቻ ብዙ ማወቅ ይችላል። ራጅ ጅማቱን በቀጥታ አያሳይም፤ ስብራትንና የመገጣጠሚያ ለውጥን ለማየት ይረዳል። ስለዚህ «ራጁ የሕክምናውን አቅጣጫ ይለውጣል?» ብለው ይጠይቁ።

2. ለውሻ የሚሆን ማስታገሻ። ሐኪሙ እንደ ሜሎክሲካም ወይም ካርፕሮፌን ያለ መድኃኒት በክብደቱ ለክቶ ያዝለታል።

3. የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ካልተከተበ ወይም ጊዜው ካለፈ።

ያለዎትን አቅም ለሐኪሙ በግልጽ መናገር አያሳፍርም። «በዚህ ገንዘብ መጀመሪያ ምን ቢደረግለት ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ ምክር ያስገኛል።

ምን አያድርጉ?

• የሰው ማስታገሻ አይስጡት። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። ፓራሲታሞል ጉበትንና ደምን ሊጎዳ ይችላል። ለትንሽ ውሻ አንድ ፍሬ እንኳ ከባድ መጠን ነው። አስቀድመው ሰጥተውት ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ትውከት ወይም ጥቁር ሰገራ ካዩ ወዲያውኑ ይውሰዱት።
• ሁለት ማስታገሻ አይቀላቅሉ። በተለይ ደክሳሜታሶን ወይም ፕሪድኒሶሎን የወሰደ ውሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሌላ ማስታገሻ መውሰድ የለበትም።
• እግሩን አያሳሹት፣ አያስጎትቱት። ወጌሻ የተበጠሰ ጅማትን በእሸት ሊመልሰው አይችልም፤ ሚኒስከሱን ግን ይበልጥ ሊጎዳው ይችላል።
• ጉልበቱን አጥብቀው አይጠምጥሙ። ጨርቁ ወደ ታች ተንሸራቶ ደም ሊያግድ ይችላል።

ቤት ውስጥ እንዴት ያስታምሙታል?

የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት፦ ሙሉ ዕረፍት ያድርግ። የሚቆምበት፣ የሚዞርበትና የሚተኛበት ያህል ስፋት ያለው ቦታ ይከልሉለት። አሮጌ ሣጥን፣ ጣውላና የዶሮ ሽቦ ወይም የአንድ ክፍል ጥግ ይበቃል። የሚወጣው ለሽንትና ለሰገራ ብቻ፣ ያውም በአጭር ገመድ ተይዞ ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ10 ደቂቃ፣ በቀን 3 ጊዜ ጉልበቱ ላይ ያድርጉ።

3ኛና 4ኛ ሳምንት፦ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለ5 ደቂቃ፣ በገመድ ተይዞ፣ በዝግታ ይራመድ። በዝግታ ሲሄድ እግሩን ያሳርፋል፤ ሲፈጥን ግን ያነሣዋል።

ከ5ኛ እስከ 8ኛ ሳምንት፦ ካልባሰበት በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ እየጨመሩ እስከ 20 ደቂቃ ያድርሱት። ከባሰበት ወደ ቀደመው ደረጃ ይመለሱ።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ሕመሙ ሲታገስ ነው። ውሻው መድኃኒት ወስዶ ሲነቃቃ የዳነ ይመስላል። በብዙ ግቢዎች ውሻ ቀን ታስሮ ማታ ጥበቃ እንዲያደርግ ይፈታል፤ አንድ ሌሊት አጥር ለአጥር ከሮጠ ግን የሳምንታት ድካም ከንቱ ይሆናል። እነዚህን 8 ሳምንታት ከጥበቃ ያሳርፉት። ረጅም ሰንሰለትም ዕረፍት አይደለም፤ ሰው በመጣ ቁጥር ተወርውሮ ሲይዘው ጉልበቱን ይጠመዝዘዋል።

ቤትዎ ሴራሚክ ወይም ልሙጥ ሲሚንቶ ከሆነ በሚሄድበት ላይ ጆንያ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ያንጥፉ። ሶፋና ደረጃ ላይ እንዳይዘልም ይከልክሉት።

ምግቡ

ከመጠን ያለፈ ክብደት በታመመው ጉልበት ላይ ይጫናል፤ ጤነኛውንም ያደክማል። እጅዎን በጎኑ ላይ ሲያሳርፉ የጎድን አጥንቶቹ ሳይጫኑ ካልተሰሙዎት ወፍሯል ማለት ነው። ለመመዘን መጀመሪያ ብቻዎን፣ ቀጥሎ እሱን ታቅፈው ሚዛን ላይ ይቁሙና ልዩነቱን ይያዙ። በየ2 ሳምንቱ ይድገሙት። እንጀራ ፍትፍቱን፣ ጮማውንና የቅባት መረቁን ይቀንሱ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ስለሆኑ የወጥ ትራፊ አይስጡት። ልጆችም በየመሐሉ እንዳይጎርሱት ይንገሯቸው።

ሐይቁ ዳር ይዋኝ?

ዋና ለጉልበት ጥሩ እንደሆነ ሰምተው ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ሊወስዱት ያስቡ ይሆናል። ሐይቁ ዳር ግን ብልሃርዚያ ይገኛል፤ እሱን ይዘው ውኃ ውስጥ የሚቆሙት እርስዎ ወይም ልጅዎ ሊታመሙ ይችላሉ። ጉማሬም አለ። በዳርቻው ደረቅ መንገድ ላይ በዝግታ መራመድ ይበቃዋል።

ቤተሰቡን ከንክሻ ይጠብቁ

ሕመም ያለበት ውሻ የሚወደውን ሰው እንኳ ሊነክስ ይችላል። ጉልበቱን ልጆች እንዲነኩት አይፍቀዱ። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ፤ ውሻው የተከተበ ቢሆንም።

ሁለቱም የኋላ እግሮች ከደከሙ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ ድምፁ ወይም ጠባዩ ከተለወጠ ወይም መዋጥ ካቃተው የጅማት ጉዳት ነው ብለው አይገምቱ። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሳይነኩት ለእንስሳት ሐኪም ያሳውቁ።

ወደ እንስሳት ሐኪም በፍጥነት የሚሄዱት መቼ ነው?

• መኪና ወይም ባጃጅ ገጭቶት ከሆነ
• እግሩ ከተጣመመ ወይም ክፍት ቁስል ካለው
• ሁለት የኋላ እግሮቹን ማንቀሳቀስ ወይም መሽናት ካቃተው
• ትኩሳት ካለው ወይም ምግብ ካቆመ

ከ6 እስከ 8 ሳምንት በደንብ አርፎም እግሩን የማያሳርፍ ከሆነ ወይም ጉልበቱ ሲታጠፍ «ቀጭ» የሚል ከሆነ ሚኒስከሱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ስለ ቀዶ ሕክምና መነጋገር ይገባል። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ይሰጣል፤ ባለሙያ ለማግኘት ከዚያ ቢጀምሩ ጥሩ ነው። ቢሾፍቱ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። መንገዱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ከመነሣትዎ በፊት አገልግሎቱና ዋጋው ምን እንደሆነ በስልክ ያጣሩ።

ቀዶ ሕክምና ለመክፈል አለመቻል ውሻዎን መተው አይደለም። ለትንሽ ውሻ 8 ሳምንት በትክክል ማሳረፍ ራሱ ሕክምና ነው።