በዩኒቨርሲቲ ግንባታ አጎራባች ለሆኑ ነዋሪዎች የቀረበ ማብራሪያ

በ1999 ዓ.ም. እንደተቋቋመው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ባሉ ተቋማት ዙሪያ የመዝናኛ ማዕከል ሲገነባ አንዱ ጎረቤት የሥራ ዕድል ይጠብቃል፤ ሌላው ለይዞታው ይሰጋል። ስጋቱ ተገቢ ነው። ይዞታው ለግንባታው የሚፈለግበት ነዋሪ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት የማስለቀቂያ ትዕዛዝ በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካል ማመልከት ይችላል። ለሥራ ተቋራጩ ወይም ለጥበቃ ሠራተኛ በቃል ቅሬታ ማሰማት ይህን ማመልከቻ አይተካም፤ ብዙዎች ጊዜው የሚያልፍባቸውም በዚሁ ነው። ይዞታው ሳይነካ በቁፋሮ ምክንያት ግድግዳው የተሰነጠቀበት ነዋሪ ግን ጉዳዩን ለከተማው የሕንፃ ሹም በጽሑፍ ያቀርባል። በሁለቱም ሁኔታ አመልካቹ ማመልከቻውን በመዝገብ ቤት አስመዝግቦ፣ ቀንና ቁጥር የተጻፈበትን ቅጂ ሊይዝ ይገባል።