«ተቀናሽ» እና «ኦዲት»፦ የእጅ ባለሙያው ከግብር ቃላት ጋር

አንድ ቃል በአንድ ሙያ ውስጥ ሁለትና ሦስት ፍቺ ይዞ ሲገኝ የቋንቋ አጥኚው ነገሩን መዝግቦ ያልፋል። ቃሉ የተጻፈበት ወረቀት ከግብር መሥሪያ ቤት የመጣ ሲሆን ግን የፍቺው መደራረብ ለተቀባዩ የገንዘብ ጉዳይ ይሆንበታል። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን በግሉ የሚሠራ አንድ አናጢ ነው። ባለሙያው ለአንድ ድርጅት ጠረጴዛና ወንበር ሠርቶ ሲያስረክብ ከዋጋው ላይ 2 በመቶ «ተቀናሽ» ተደርጎበት ቀሪው ተከፈለው። የግብር ማስታወቂያ ጊዜ ሲደርስ ስለ «ተቀናሽ ወጪዎች» የሚገልጽ ጽሑፍ አነበበ፤ የእርሱ ተቀናሽ አስቀድሞ የተወሰደ ስለ መሰለው የጣውላውን፣ የሙጫውንና የቤት ኪራዩን ደረሰኝ ሳያቀርብ ቀረ። ሰውየው ንባብ የሚያውቅ፣ በሒሳብም የማይታማ ነው። ያሳሳተው ቃሉ ነው።

«ቀነሰ» ከሚለው ግሥ የወጡት ስሞች ብዙዎች ናቸው። በገበያ «ቅናሽ» ሻጭ ለገዢ የሚያደርገው የዋጋ አስተያየት ነው። ለደመወዝተኛ «ተቀናሽ» ማለት የሥራ ግብሩ፣ የጡረታ መዋጮው፣ የዕድሩም ቢሆን፣ ደመወዙ እጁ ሳይገባ የሚወሰደው ሁሉ ነው። ስለዚህ ቃሉ በአብዛኛው ሰው ጆሮ የመጉደል፣ የመወሰድ ስሜት አለው። በንግድ ሥራ ገቢ ግብር ግን ፍቺው ይገለበጣል፤ «ተቀናሽ ወጪ» ግብር ከፋዩን የሚጠቅም ነው። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ገቢውን ለማግኘትና ሥራውን ለማስቀጠል የግድ የተደረገ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ላይ እንዲነሣ ይፈቅዳል፤ ግብሩ የሚሰላው በቀሪው ላይ ነው። ያው አዋጅ ድርጅቶች ለዕቃና ለአገልግሎት ሲከፍሉ 2 በመቶ ይዘው ለመንግሥት እንዲያስገቡ ያዝዝ ነበር፤ ነጋዴው ይህን «ዊዝሆልዲንግ» ይለዋል። የሚያዘው ገንዘብ ወጪ አይደለም፤ አስቀድሞ የተከፈለ ግብር ነው።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። የባለሙያው ገቢ የመጨረሻው እርከን 30 በመቶ የሚከፈልበት ነው እንበል። የ1,000 ብር ጣውላ በደረሰኝ ቢያስመዘግብ ግብር የሚከፈልበት ገቢው በ1,000 ብር ያንሳል፤ ከግብሩ የሚድነው ግን 300 ብር ነው። በተከፋይ ሒሳቡ ላይ 1,000 ብር ተይዞበት ከሆነ ደግሞ የያዘው ድርጅት የሰጠውን ደረሰኝ ሲያቀርብ ከግብሩ ላይ 1,000 ብር በሙሉ ይነሣለታል። አንደኛው ከገቢ፣ ሁለተኛው ከግብር ይቀነሳል። ሁለቱን በአንድ «ተቀናሽ» መጥራት የእኛ አናጢ የደረሰበትን ያስከትላል። ለሁለተኛው «ተያዥ ግብር» የሚል ስያሜ ሲቀርብ ሰምተናል፤ ነገር ግን «ተያዥ» በአማርኛ ለሌላ ሰው ዋስ የሚሆን ነውና አያስኬድም። «የተያዘ ግብር» ቢባል ይበቃል፤ «ተቀናሽ» ለወጪው ብቻ ይተውለት።

ከዚሁ ቤተሰብ «የእርጅና ቅናሽ» የተባለው የተሳካ ስያሜ ነው። የኤሌክትሪክ መጋዝ የገዛ ሰው ዋጋውን በአንድ ዓመት ወጪ አድርጎ መያዝ አይችልም፤ መሣሪያው በሚያገለግልባቸው ዓመታት እየተከፋፈለ ይነሣለታል። መሣሪያ እንደ ሰው ያረጃል ማለት ለማንም አናጢ ማብራሪያ አያሻውም። ቅጣትና የግል ፍጆታ፣ ማለትም የቤት አስቤዛና የልጆች ልብስ፣ ከተቀናሽ አይገቡም።

እዚህ ላይ «ደረሰኝ» የሚለውን ቃል ሳናነሣ ማለፍ አንወድም። ቃሉ በመሠረቱ ስም አይደለም፤ ተሳቢ ምዕላድ የያዘ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ገንዘቡ እኔ ዘንድ ደረሰ» ማለት ነው። ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ ከተጠየቀ መልሱ ገንዘብ ተቀባዩ ነው። ጣውላ ሻጩ «ደረሰኝ» ሲል ለአናጢው የወጪ ማስረጃ ይሆነዋል፤ አናጢው ራሱ «ደረሰኝ» ሲል ገቢውን ያምናል። ጣውላ ያለ ደረሰኝ በረከሰ ዋጋ የገዛ ባለሙያ በእርግጥ ወጪ አለው፤ ተቀናሽ ግን የለውም፤ ገንዘቡ ደረሰኝ ያለለት የለምና።

ይህ ሁሉ ሒሳብ ለሚይዝ ግብር ከፋይ ነው። በ2008 ዓ.ም. አዋጅ መሠረት ዓመታዊ ጠቅላላ ገቢያቸው ከ500,000 ብር በታች የሆነ ግለሰቦች ደረጃ «ሐ» ተብለው በግምት ላይ የተመሠረተ ግብር ይከፍሉ ነበር፤ የደረጃዎቹ አከፋፈል በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ ተለውጧል። አዋጁ የንግድ ሥራ ገቢን የመደበው በሠንጠረዥ «ሐ» ስለ ነበር በአንድ ፊደል ሁለት ነገር ይጠራ ነበር፤ ትልቁም ፋብሪካ ትንሹም በያጅ ሠንጠረዥ «ሐ» ውስጥ ሲገኙ ደረጃ «ሐ» ግን ትንሹ ብቻ ነበር። ፊደል እንዳላነሰን አርቃቂዎቹ ቢያስቡት መልካም ነበር።

የግምቱ ቃል ያመጣው ጣጣ ከዚህ ይከብዳል። በ2009 ዓ.ም. ክረምት «የቀን ገቢ ግምት» በተነገረ ጊዜ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ብዙ ነጋዴዎች ተቃውመው ሱቃቸውን ዘግተዋል። የግምቱ ትክክለኛነት የራሱ ክርክር ነበረው፤ በእኛ አስተያየት ግን ቃሉም ድርሻ ነበረው። በሕጉ አነጋገር «ጠቅላላ ገቢ» የዕለቱ ሽያጭ ሁሉ ነው፤ በባለሙያው አነጋገር ግን «ገቢ» ኪሱ የገባው፣ ወጪ ተነሥቶለት የተረፈው ነው። በቀን 1,500 ብር ገቢ አለህ የተባለ ልብስ ሰፊ ጨርቁንና ክሩን ከዚያ ውስጥ አያስብም። «የቀን ሽያጭ ግምት» ቢባል ኖሮ ክርክሩ ቢያንስ በቁጥሩ ላይ ብቻ በሆነ ነበር።

ወደ «ኦዲት» እንምጣ። ቃሉ ከላቲን «መስማት» የተወለደ ነው፤ በጥንት ሒሳብ ለሹም በቃል ይነበብለት ስለ ነበር ኦዲተር ማለት ሰሚ ማለት ነበር። በአማርኛ የሚተኩት ቃላት ግን ከመስማት ይርቃሉ። «ምርመራ» ሐኪምንና ፖሊስን ያስታውሳል፤ በ1966 ዓ.ም. የባለሥልጣናቱን ጉዳይ እንዲያጣራ የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ካለፈ ወዲህ ደግሞ ጥላው ከብዷል። «ፍተሻ» ኬላ ላይ የሚደረግ ነው። ደብዳቤው «ለሒሳብ ምርመራ ይቅረቡ» ያለው ባለሙያ ወንጀል የሠራ መስሎት እንቅልፍ ቢያጣ አይፈረድበትም፤ አንዳንዱም ከድንጋጤ የተነሣ ሰነዱን ይደብቃል፤ ይህ ደግሞ በእውነት ጥፋት ይሆንበታል። በኛ እምነት «ኦዲት» እንደ ሆነ ይቆይ፤ ማብራሪያ ሲያስፈልግ «ማመሳከር» ይታከልበት። ግሡ ከ«ምስክር» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ሥራውም የሻጩን ደረሰኝ ከገዢው መዝገብ፣ መዝገቡን ከባንክ ሒሳቡ ጋር አቁሞ ማመሳከር ነው። ሰነዱን በየወሩ ለይቶ የያዘ ባለሙያ ምስክሮቹን ይዞ ይቀርባል።

በውሳኔው ያልተስማማ ሰው የሚገጥሙት ሁለት ቃላት «ቅሬታ» እና «ይግባኝ» ናቸው። «ይግባኝ» እንደ «ደረሰኝ» ሁሉ ተሳቢውን የያዘ ግሥ ነው፤ ጉዳዬ ወደ በላይ ዳኛ ይግባልኝ የሚል ልመና ነው፤ ባዕድነቱም ለመደበኛው ሰው ሕግ ነክ መሆኑን ስለሚያሳስብ ወደ ጠበቃ ያስኬደዋል። አደጋው በ«ቅሬታ» ላይ ነው። ቃሉ ከ«ቀረ» የወጣ ነው፤ በዕለት ንግግር ሰው በሆዱ ያስቀረው ቅያሜ ነው፤ በቃል ይነገራል፣ ጊዜ አይወሰንለትም። ባለሙያውም ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ ለአንዱ ሠራተኛ ሐዘኑን ሲገልጽ ቅሬታ ያቀረበ ይመስለዋል። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግን ቅሬታ ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ምክንያቱ ተዘርዝሮ በጽሑፍ የሚቀርብ ነው፤ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን የሚወስደውም መንገድ በዚህ በኩል ያልፋል። «ቅሬታዎን ማቅረብ ይችላሉ» የሚለው ትሕትና የተሞላበት ዐረፍተ ነገር ይህን አይናገርም። «ይህ ወረቀት ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወሙ ውሳኔው ይጸናል» ተብሎ ቢጻፍ ግን አናጢው ወረቀቱን አንብቦ ሳይጨርስ ቀን ይቆጥራል።