«መንገድ መሪ» ወይስ «መንገድ ጠቋሚ»?

በመኪና ዳሽቦርድ ውስጥ ተገጥሞ ነጂው የሚሄድበትን መንገድ በካርታና በድምፅ የሚያሳየውን መሣሪያ ተርጓሚዎች አንዳንዴ «ጂፒኤስ»፣ አንዳንዴም «መንገድ መሪ» ይሉታል። ሁለቱንም አንደግፍም።

«ጂፒኤስ» የሳተላይቱ ሥርዐት ስም እንጂ የመሣሪያው አይደለም። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1981 በጃፓን ለገበያ ያቀረበው መሣሪያ ሳተላይት አያውቅም ነበር፤ የመኪናውን መታጠፍ በሂሊየም ጋይሮስኮፕ እየለካ፣ ቦታውን ብርሃን በሚያሳልፍ የካርታ ፊልም ላይ ያመለክት ነበር።

የ«መሪ» ችግር ግን ከዚህም ይብሳል። በሾፌሩም በመካኒኩም አንደበት መሪ ማለት በእጅ የሚዞረው ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች መኪናው ሲንቀሳቀስ አድራሻ ማስገባትን ያግዳሉ፤ ከነጂው ጎን የተቀመጠው ሰው እንኳ ልጻፍ ቢል አይፈቅዱም። በዚህ የተማረሩ ባለመኪናዎች፣ የእጅ ፍሬን መያዙን ለመሣሪያው የሚያስታውቀውን ሽቦ ከመኪናው አካል ብረት ጋር ያገናኙታል፤ መሣሪያውም መኪናው የቆመ ይመስለዋል። እንግዲህ የአምራቹ ማስጠንቀቂያ «መኪናው ሲሄድ መሪውን አትንካ» ተብሎ ቢተረጐም ነጂው ምን ሊያደርግ ነው?

«አመልካች» እንዳንል ፍርድ ቤት ቀድሞ ወስዶታል። «ጠቋሚ»ም ቢሆን ሰው አሳልፎ የሚሰጠውን ማስታወሱን አንክድም፤ ሆኖም «መንገድ» ሲቀድመው ጥርጣሬው ይወገዳል። ስለዚህ «መንገድ ጠቋሚ» የሚለውን መርጠናል።

ሽቦውን የማገናኘቱ ሥራ በአንዳንድ ትርጉሞች «ማሻሻያ» ተብሏል። የተሻሻለ ነገር ስለሌለ «እገዳ ማስቀረት» ቢባል ይበቃል።