በካሬ መስኮት ውስጥ ስንት ቁራጭ መስታወት ይገባል?

አስኮ አካባቢ በየብየዳ ቤቱ ደጃፍ ከሚደረደሩት በርና መስኮቶች መካከል፣ በካሬ ፍሬም ውስጥ ብረት ወዲያና ወዲህ ተጋድሞባቸው በየክፍተቱ ባለ ቀለም መስታወት የሚገባባቸው ይገኛሉ። መስታወት ቆራጩ በቁራጭ የሚያስከፍል ከሆነ ታዲያ ብዛቱን አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው። በዓይን መቁጠር ያሳስታል፤ ደንበኛው 50 ሲል ባለሙያው 60 ሊል ይችላል። እኔ የማውቀውን ቀላል መላ ላካፍላችሁ።

ባዶው ካሬ 1 ክፍል ነው። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አንድ መስመር ሲሰመርበት 2፣ ያንን የሚያቋርጥ ሌላ ሲጨመር 4 ይሆናል። ብዙ ሰው ሦስተኛው መስመር 8 ያደርሰዋል ብሎ ይገምታል፤ ግን ከ7 አይበልጥም። አዲሱ መስመር ሁለቱን ነባሮች ሲያቋርጥ ራሱ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፋይ ደግሞ የሚያልፍበትን አንድ ክፍል ለሁለት ይገምሳል። ስለዚህ የሚጨመረው 3 ብቻ ነው።

ሕጉ እንዲህ ነው፦ 1፣ ሲደመር የመስመሮቹ ብዛት፣ ሲደመር መስመሮቹ የሚቋረጡባቸው ነጥቦች ብዛት። ፍሬሙ ላይ ያሉ ነጥቦች አይቆጠሩም። ሦስት መስመሮች በአንድ ነጥብ ላይ ከተገናኙ ነጥቡ እንደ 2፣ አራት ከተገናኙ እንደ 3 ይታሰባል። ብዙዎችን የሚያሳስተው ይህ ነው፤ ሦስቱ መስመሮች በአንድ ነጥብ ካለፉ 7 ሳይሆን 6 ክፍል ብቻ እናገኛለን።

አንድ ከበድ ያለ ምሳሌ እንይ። የካሬውን አራት ማዕዘኖችና የአራቱን ጎኖች አጋማሽ እርስ በርስ ብናገናኝ በውስጡ 16 መስመሮች ይኖራሉ። ሁለት ሁለት መስመር የሚገናኝባቸው ነጥቦች 20፣ ሦስት ሦስት የሚገናኝባቸው 8 ሲሆኑ፣ መሐል ላይ አራት መስመሮች ይገናኛሉ። 20 ሲደመር 16 ሲደመር 3፣ 39 ነው። በዚህ ላይ 16 መስመሮችና 1 ሲጨመሩ 56 ቁራጭ ይሆናል።

ጉዳዩ የቆየ ነው። ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ያኮብ ሽታይነር መስመሮች ጠለልን ስንት ቦታ እንደሚከፍሉ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1826 ነበር። በ2020 ደግሞ ላርስ ብሎምበርግ፣ ስኮት ሻነንና ኒል ስሎን እነዚህን ቅርጾች ከባለ ቀለም መስታወት መስኮት ጋር እያመሳሰሉ ጽፈዋል። እያንዳንዱ ጎን ለሦስት እኩል ተከፍሎ ነጥቦቹ ሁሉ ሲገናኙ ቁራጩ 340 ይደርሳል። አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ጥያቄዎች ግን ገና አልተፈቱም።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ንድፉን በወረቀት ላይ ያሠሩ፤ ከዚያም ቁራጮቹን ሳይሆን መስመሮቹንና ነጥቦቹን ይቁጠሩ።