ደንበኛን መምረጥ ነውር ነውን?

አምና በክረምቱ ማለቂያ አንድ የምናውቀው ነጋዴ ለሽምግልና ላከን። ነገሩ የጋብቻ ወይም የድንበር ጉዳይ አልነበረም። ለተማሪ ቤቶች የሚያስረክበውን ልብስ የሚሰፉለት ወይዘሮ «ከእንግዲህ የእርስዎን ሥራ አልቀበልም» ስላሉት፥ ሄደን እንድናግባባለት ነበር። እኛም የወይዘሮዋን ነገር እንደ ሞኝነት ቆጥረን ተነሣን። መስከረም ሊጠባ ሲል የዓመቱን ገቢ ግማሽ የሚያመጣላቸውን ሰው መልሰው በምን ሊኖሩ ነው ስንል፥ የምንመክራቸውን ሁሉ በመንገድ ላይ አሰናዳን።

ወይዘሮዋ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አራት የስፌት መኪናዎች አቁመው ልጃገረዶችን ያሠራሉ። ወንበር አቀረቡልን፤ ቡናም አስፈሉ። የመጣንበትን ከተናገርን በኋላ እንዲህ አሉ፦

«ጌታዬ፥ ሥራውንም ብሩንም አልጠላሁም። ሰውዬው ልኩን ዘግይቶ ያመጣል፤ ጨርቁ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ደግሞ እጅጌው ይጠር ይላል። የሰፋነውን እንተረትራለን፤ የተረተርንበትን ግን አይከፍልም። ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ልጆቹን ግን ስለ ጥፋታቸው ሳይሆን በእናታቸው ይሰድባቸዋል። የቁልፍ ቀዳዳ በመሥራት አቻ ያልነበራት ልጅ በሐምሌ ወር መቀሷን አስቀምጣ ወጣች፤ አልተመለሰችም። በዚያው ሳምንት አንዲቱ ክር ብትሳሳት፥ እኔ ራሴ የእርሱን ስድብ ሰደብኋት። ቃሉ የእርሱ ነው፤ አፉ ግን የእኔ ነበር።»

ቀጥለውም «ለመሆኑ ስለ ልጆቹ ምን አለ?» ብለው ጠየቁን። ነጋዴው የላከን በእያንዳንዱ ልብስ ላይ ዋጋ እንደሚጨምር ብቻ ነበርና፥ የምንመልሰው አጣን።

በዚያች ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ የተጠናቀቀ ነጭ ቀሚስ ተሰቅሎ ነበር። የማን እንደ ሆነ ብንጠይቅ፥ ለሠርግ ታዝዞ የነጋዴው ሥራ ሲተረተር ሲሰፋ ቀኑ ያለፈበት ነው ተባልን። አስቸጋሪ ደንበኛ የሚወስደው የራሱን ጊዜ ብቻ አይደለም፤ በትሕትና የሚጠብቀውን የሌላውንም ሰው ተራ ይወስዳል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፥ ኒው ዮርክ ውስጥ በ1948 (ዘመኑ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የማስታወቂያ ሥራ ድርጅት ያቋቋመው እንግሊዛዊው ዴቪድ ኦጊልቪ በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ የተረከው ትዝ አለን። የፎርድ ኩባንያ ኤድሰል የተባለውን አዲስ አውቶሞቢል ሊያወጣ ሲል፥ ኦጊልቪ ለማስታወቂያው ሥራ ለመወዳደር እንቢ አለ። ምክንያቱም የዚያ አንድ ደንበኛ ሥራ የድርጅቱን ጠቅላላ ሥራ ግማሽ ያህል የሚይዝ ስለ ነበረ፥ እውነተኛ ምክር በነጻነት ለመስጠት እንደሚያስቸግረው አስቦ ነው። ኤድሰል በ1957 ለገበያ ቀርቦ፥ ሳይሸጥለት በ1959 ሥራው ቆመ። ይህ ውድቀት ግን የኦጊልቪን ውሳኔ ትክክለኛ ያደረገው አይመስለን፤ አውቶሞቢሉ ቢሸጥ ኖሮም ምክንያቱ ያው ነበር። ይኸው ሰው ሠራተኞቹን መንፈሳቸውን የሚሰብር ደንበኛ ሲያጋጥመው ሥራውን በፈቃዱ ይተው እንደ ነበረም በጽሑፎቹ ገልጿል።

ነገር ግን ኦጊልቪ ሥራ በጀመረ ጊዜ እንዲህ አልነበረም። የመጫወቻ ኤሊ፥ የጠጕር ብሩሽና የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት ሳይቀር፥ ያገኘውን ሁሉ ይቀበል እንደ ነበረ ራሱ ጽፏል። ስለዚህ ትናንት ሱቅ የከፈተ ሰው ዛሬውኑ ደንበኛ ይምረጥ ብንል ስንፍናን ማስተማር ይሆንብናል። ደግሞም መምረጥ ማለት ባለጸጋውን አስገብቶ ድኻውን ከደጅ መመለስ አይደለም። ወይዘሮዋ ነጋዴውን ሲያሰናብቱ፥ የልጃቸውን ቀሚስ ዋጋ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያሉ የሚከፍሉትን ጎረቤታቸውን አላሰናበቱም።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ግን ይህን ምሳሌ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ይዘን እንዳንገባ ያስፈልጋል። ነጋዴ የመለሰው ሰው ሌላ ሱቅ ያገኛል፤ እኛ የመለስነው ባለጉዳይ ግን ሌላ መንግሥት አያገኝም። ቢቈጣም ቢያስቸግርም ጉዳዩን ልንፈጽምለት ግዴታችን ነው። ምናልባት ወይዘሮዋን ለመምከር የቸኰልነው ስድብን ዝም ብሎ መስማት የሥራ ጠባይ መስሎን ይሆናል።

ወይዘሮዋ ከአራቱ የስፌት መኪናዎች አንዱን ለኪራዩ ሲሉ ሸጡት። ሦስቱ ይሠራሉ። መቀሷን ትታ የወጣችው ልጅ ሌላ ቤት ተቀጥራለች። ነጋዴው ዛሬም በመንገድ ባገኘን ቍጥር «እኮ፥ ምን አሉ?» ይለናል። ያሉትን እስከ ዛሬ አልነገርነውም።