ከጣራው የተጀመረ መቅደስ

የሸሕዲ ሰው ጎጆ ሲሠራ አስቀድሞ ምሰሶ ይተክላል፤ ሣሩን የሚከድነው በመጨረሻ ነው። በሕንድ አገር በኤሎራ የሚገኘው የካይላሳ ቤተ መቅደስ ግን የተጀመረው ከጣራው ነው። ይህ ለሺቫ የተሠራ የሂንዱ መቅደስ በ8ኛው መቶ ዓመት፣ በንጉሥ ቀዳማዊ ክሪሽና ዘመን ከአንድ አለት ተፈለፈለ። ጠራቢዎቹ ከአናቱ ጀምረው እየቈረጡ ወረዱ። አንድ ዓምድ በስሕተት ቢጐመድ መተኪያ አልነበረውም። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስም የተሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

እንግዲህ ጎብኚው «ማን ከማን ቀዳ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ነገር ግን መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ካይላሳን አይቶ የላሊበላን ጠራቢዎች ሙያ ለሌላ መስጠት ችኰላ ነው፤ አለት ራሱ ለሁለቱም አንድ ትምህርት ሊሰጥ ይችላልና።