ክፍል ከመከራየታችን በፊት

በስድስት ኪሎ አካባቢ ክፍል ስንፈልግ አስቀድመን የምንጠይቀው ኪራዩን ነው። ይሁን እንጂ ከኪራዩ ይልቅ የግቢው ደንብ እንደሚያስመርር ቀምሰን ዐውቀነዋል። በሩ በስንት ሰዓት ይቆለፋል? ማታ መብራት አብርቶ ማጥናት ይፈቀዳል? ውሃውስ በየስንት ቀኑ ይመጣል? ይህን ከባለቤቲቱ ይልቅ እዚያው የሚኖረው ተከራይ በቅንነት ይነግረናል፤ ደላላውማ ሁሉም ግቢ ገነት ነው ባይ ነው። የስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቁም አሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ግን ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ መቀበልን ከልክሏል፤ ውሉም በጽሑፍ እንዲሆንና ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አዟል። ይህን ብቻችንን ሄደን ስንናገር «ልጄ፣ ሌላ ቤት ፈልግ» ተብለናል። ሦስት ሆነን አንድ ክፍል ልንጋራ በሄድን ጊዜ ግን እትዬ ውሉን ፈረሙልን። በሩን ከምሽቱ በሦስት ሰዓት መቆለፋቸውን ግን አልተዉም።